ከፈረቃ በኋላ የታጠቡ ትሪዎች

ሰዓዳ እናቷ ሞተውባት ለቅሶ ልደርስ ከሚኒያፖሊስ ወደ ሴንት ፖል በባቡር ስሄድ አንዲት ልጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍናለች፣ ቦርሳዋን አቅፋለች፣ ዓይኗን ጨፍናለች። የማን አገር ልጅ እንደሆነች እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም። ብቻ እንደተቀመጠች አንድ ሽታ መጣብኝ። የፈላ ዘይት፣ ሽንኩርትና ከሙን ጨርቅ ውስጥ ገብተው የከረሙበት ሽታ። ይህን ሽታ ሳሙና አያስለቅቀውም፤ ብርድ ላይ ተሰጥቶ ቢያድርም አይለቅም። ዓመታት ለብሼው ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። በዚያች ደቂቃ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። ለቅሶ ነው ወይስ ሥራ? ወደ ሰዓዳ ነው የምሄደው፣ እሱስ እውነት ነው። ግን የሰዓዳ ምኗ ሆኜ? አሠሪዬ ነበረች፣ እንደ ታናሽ እህቴም ነበረች፣ ጠበቃ ይዤባትም አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ይዤ እንዴት አቅፌ እንደማለቅስላት ሳስብ ባቡሩ ወንዙን ተሻገረ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። እኔ ዘመን የምቆጥረው በዋጋና በልብስ ነው። ባቡሩ ገና አዲስ የሚባልበት፣ ትኬቱም ሁለት ዶላር የማይሞላበት ጊዜ ነበር። አንድ ሳምቡሳ በዶላር ይሸጥ ነበር፣ ያውም ሆዱ እስኪወጠር ሥጋ የታጨቀበት። የሰዓዳ ሳምቡሳ ቤት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ በጎማ ቤትና በታክስ ሠሪ ቢሮ መካከል ተሸጉጦ ነበር። ፊት ለፊት ቬትናሞች ሾርባ ይሸጣሉ፤ አለፍ ሲባል ገንዘብ የሚላክበት፣ ስልክ የሚጠገንበት፣ መጋረጃና ሽቶ አንድ ላይ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለ። በብርዱ ወራት ሴቱ ሁሉ አለባበሱ አንድ ነበር፤ ከላይ ረጅም ቀሚስ፣ ከቀሚሱ ሥር ሱሪ፣ ከዚያ በላይ ልጃቸውን የጠበበው ኮፍያ ያለው ሹራብ። አሁን ሴቶቹ ዘንጠዋል፣ ካፖርታቸውም ቀሏል። ያን ጊዜ ሰው በተገናኘ ቁጥር የሚያወራው ኤምባሲው ቪዛ ሊዘጋ ነው፣ አይ ሊከፍት ነው እያለ ነበር። ሰዓዳ ስልኳን ጎድጓዳ የብረት ሳህን ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ድምፁ እንዲጎላ። ጁምዓ ቀን መንዙማ ነው፤ በሌላው ቀን የድሮ ዘፈን። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ጫልቱ የምትባለው ጠባሿ ልጅ ቶሎ ብላ በኦሮምኛ ትቀይረዋለች፣ ሰዓዳ ስትመለስም ዘፈኑን እያዜመች ትገባለች። ዛሬም ብረት ሳህን ውስጥ የሚዘፈን ዘፈን ካልሆነ ዘፈን አይመስለኝም።

ሰዓዳን ያገኘኋት በሰው በሰው ነው። እኔ ባሌ የሞተብኝ የኮምቦልቻ ሴት ነኝ፤ እሷ አዲስ አበባ ያደገች የወሎ ልጅ፣ በዕድሜ በጣም የምታንሰኝ። ሥራ የጀመርኩ ቀን ስስ ጃኬት ለብሼ በበረዶ ውስጥ ስገባ አየችኝ። በማግስቱ አንድ ካፖርት አንጠልጥላ መጣች። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ጉልበት የሚያልፍ፣ ኮፍያው ዙሪያውን ፀጉር የተሰፋበት። «ለእኔ ሰፍቶኝ ነው እትዬ ከድጃ፣ እስቲ ይሞክሩት» አለችኝ። ውሸቷን ነው፤ ዋጋው የተጻፈባት ወረቀት ከብብቱ ሥር ተንጠልጥላ ነበር። እኔም እንዳላየ ሆንኩላት። እንዲህ ነበርን። ታላቋ በመሆኔ አንድም ቀን አዝዛኝ አታውቅም። «እትዬ፣ ካልደከመዎት»፣ «እትዬ፣ ካላስቸገርኩዎት» ነው። ሊጡን አቡኪ፣ ሽንኩርቱን ክተፊ ብላኝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ኋላ ይቀል ነበር።

በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ታብሌት ነበረች። ስንገባም ስንወጣም ቁጥራችንን እንነካለን። ፈረቃዬ ሲያልቅ እነካና የካፖርቴን አንድ እጅጌ አስገባለሁ። በዚያ መሐል ዓይኔ ወደ ማጠቢያው ይሄዳል። ሰዓዳ ጎንበስ ብላለች፤ ዘይት የደረቀባቸው ትሪዎች እስከ ደረቷ ተከምረዋል። እንግዲህ ምን ላድርግ? ሰው አጎንብሶ ሲሠራ እያዩ «ደህና ዋዪ» ብሎ መውጣት እኛ ዘንድ የለም። ባዕድም ቢሆን የለም። ያስገባሁትን እጅጌ መልሼ አወጣለሁ። «ተዉት እትዬ፣ ሰዓትዎ አልቋል» ትለኛለች። «አንቺስ?» እላታለሁ። ጠጋ ትልልኛለች። ትሪው ሲያልቅ የነገው ሽንኩርት ይመጣል፣ ሽንኩርቱ ሲያልቅ ሊጥ። እጃችን ሲሠራ አፋችን አያርፍም። ስለ እናቷ ሕመም፣ ጥሏት ስለሄደው ባሏ፣ ስለ እኔ ልጅ ስለ ራህማ እናወራለን። ከዚያ በመኪናዋ እስከ ደጄ ታደርሰኛለች። ከቀኔ ሁሉ ደስ የሚለኝ ያ ሰዓት ነበር። ይህን የምለው ሰዓዳን ለማስወደድ አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው።

ራህማ ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ነበረች። እሷን ለማምጣት ማመልከቻው ገብቶ አብዛኛው ነገር አልቆ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ልጄን ማኖር እንደምችል በወረቀት ማሳየት ነበረብኝ፤ ገቢዬ ደግሞ ከሚፈለገው ጥቂት ጎደለ። ጥቂት ነው፣ ግን ጎደለ ጎደለ ነው። ሌላ ሰው አብሮ እንዲፈርምልኝ መጠየቅ እንደምችል ነገሩኝ። ማንን ልጠይቅ? ለማንስ ሸክም ልሁን? ራህማ በስልክ «እማዬ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ» ትለኛለች። እሷ አብሽሪ ባለችኝ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ።

ጫልቱ ይህን ታውቅ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ኩን ራፒድስ ነው የምትኖረው፤ በሩ ካልተገፋ የማይዘጋ አሮጌ መኪና ነበራት። እሷ ቁጥሯን ነካች ማለት ወጣች ማለት ነው፤ ቁልፏን እያንቀጫቀለች ትሄዳለች። እኔ በልቤ «ምን ዓይነት ደንዳና ልጅ ናት» እላት ነበር። አንድ ቀን ሰዓዳ እናቷን ሐኪም ቤት ይዛ ሄዳ ጫልቱ በመኪናዋ ስትወስደኝ ወሬ ጀመረች።

«እትዬ፣ ክሎክ አውት ካደረጉ በኋላ ስንት ሰዓት ይሠራሉ?»

«አልሠራም እኮ። ሰዓዳን ማገዜ ነው።»

«ማገዝ የሚባል ነገር የለም እትዬ። ቢዝነሷ ነው። እርስዎ ትሪ ሲያጥቡ ኦቨርታይም ነው የሚቆጠረው፣ ፔይ ማድረግ አለባት።»

«ካፖርት ገዝታልኛለች። በየቀኑ ቤቴ ታደርሰኛለች።»

«እሱ ጊፍት ነው። ጊፍት ፔይቼክ ላይ አይወጣም።» መብራት ይዟት ቆመችና ዞር ብላ አየችኝ። «እትዬ ከድጃ፣ ያ ሁሉ ሰዓት ቢጻፍልዎት ኖሮ የራህማ ስፖንሰር አይጎድልም ነበር።»

ያቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች። በሌላው ሁሉ ልከራከራት እችል ነበር።

በነጻ የሚያማክሩ ጠበቆች ወዳሉበት ቢሮ የወሰደችኝም እሷው ናት። ጠበቃው ልጅ ነው፤ ከላይ ክራቫት፣ ከታች የበረዶ ቦት ጫማ። ጫልቱ መሐል ተቀምጣ ታስተረጉማለች። «አሠሪዎ ቆዩ ብላዎታለች?» አለኝ። አላለችኝም፣ እንዲያውም ሂዱ ነው የምትለኝ አልኩት። «ሲሠሩ ታይዎት ነበር?» አለኝ። አጠገቧ ቆሜ እንዴት አታየኝም አልኩት። ልጁ ራሱን ነቀነቀና ሕጉ ቆዩ መባሌን እንደማይጠይቅ ነገረኝ፤ እያየች ዝም ካለች፣ የሠራሁትም ለእሷ ንግድ ከሆነ፣ ሥራ ነው፤ ሥራ ከሆነ ይከፈላል፤ በሳምንት ከተወሰነ ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ። ከስንት ሰዓት ሲያልፍ ብዬ ጠየቅሁ። የስቴቱ ሕግ አንድ ቁጥር ይላል፣ የፌዴራሉ ሌላ ቁጥር። የቆየው ጊዜ ደግሞ ሁለት ዓመት ካለፈው በአብዛኛው አይጠየቅበትም። ሕግም እንደ እኔ የሚረሳ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

እዚህ ላይ ጥያቄው የእኔ ሆነ። «እናቷ ታመው ቤቷ ሄጄ ያበሰልኩላቸውስ?» አልኩት። እሱ አይቆጠርም አለኝ። «ለምን? ሽንኩርቱ ያው ሽንኩርት ነው፣ እጁም ያው የእኔ እጅ ነው።» ጫልቱ በረጅሙ ተነፈሰችና አስተረጎመች። ልጁ አልሳቀብኝም፣ ይህን አልረሳለትም። እዚያ ወዳጅዎን እያገዙ ነው፣ እዚህ ሠራተኛ ነዎት አለኝ። ድንበሩ የት ላይ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ብዕሩን አስቀምጦ «እርስዎስ ምን ይላሉ? በዚያ ሰዓት እያገዙ ነበር ወይስ እየሠሩ?» ብሎ መልሶ ለእኔ ጣለው። አሰብኩ። ትሪውን አሰብኩ፣ ጠጋ ስትልልኝ አሰብኩ፣ ራህማን አሰብኩ። መልስ አጣሁ። «ይቅር፣ አፉ ብያታለሁ ብልስ?» አልኩት። ጫልቱ አፉ ማለትን ለማስረዳት ብዙ ደከመች። ሕጉ እንዲህ በቀላሉ አፉ ማለቴን ላይቀበለው ይችላል ተባልኩ። የገዛ ሐቄን አፉ ማለት ካልቻልኩ የማን ሐቅ ሊባል ነው? ምንም አልገባኝም። ሳይገባኝ ግን ፈረምኩ፤ ለራህማ ስል ፈረምኩ።

የጠበቃው ደብዳቤ ለሰዓዳ በደረሰ ማግስት እንደወትሮዬ ሥራ ገባሁ። ሌላ የት እገባለሁ? ሻይ ቀድታ ሰጠችኝ፣ ስኳሩን እንደምወደው አድርጋ። ዓይኗ አብጧል። እኔም ሻዩን ጠጣሁ። ስልኩ ሳህኑ ውስጥ አልገባም ያን ቀን። እሑድ ዕለት ሐጂ ሰይድ ደወሉልኝ። ሐጂ ብዙ ጠብ ያበረዱ ሽማግሌ ናቸው፣ የሰዓዳም የእኔም አገር ሰው። ሰዓዳ ቤት ተቀመጥን፤ ሐጂ፣ ሰዓዳ፣ እናቷ ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ እኔና ጫልቱ።

«ሰዓዳ፣ ቆዪ ብለሻታል?» አሉ ሐጂ።

«ወላሂ ብዬ አላውቅም።»

«ከድጃ፣ ብላሻለች?»

«አላለችኝም።»

«ታዲያ ለምን ቆየሽ?»

«አጎንብሳ እያየኋት እንዴት ጥያት ልውጣ?»

ሐጂ ወደ ሰዓዳ ዞሩ። «አንቺስ ሰዓቷ ማለቁን እያወቅሽ ለምን አላስቆምሻትም?»

«ታላቄ ናት፤ እንዴት እጇን ይዤ ላውጣት? ደግሞም...» ዕንባዋ መጣ። «ደግሞም ደክሞኝ ነበር።»

ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፣ የወንድማማች ጠብ አይቻለሁ። ሁሌ አንዱ ይዋሻል። ሁለት ሰው እውነቱን ተናግሮ እንዲህ ሲጣላ ግን አላየሁም» አሉ። እኔን ያች «ደክሞኝ ነበር» የምትለዋ ቃል አንጀቴን በላችው። እኔም እኮ ደክሞኝ ነበር። ይህን ለሰዓዳ ተናግሬ አላውቅም፣ ለራሴም።

ከዚያ ሰዓዳ ዕንባዋን ጠርጋ «ለራህማ እኔ አብሬ እፈርማለሁ። የእኔ ገቢ ይበቃል። ትምጣ፣ ልጄ ናት» አለች። ሐጂ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ እናቷም አልሐምዱሊላህ አሉ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ጫልቱ ብቻ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። የፈለግሁት ሳይለመን መጣልኝ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቀውም። «አይሆንም። እኔ እናቷ ነኝ፣ በእኔ ስም ትምጣ። ሠርቼ ከሆነ ሠራች ይባልልኝ» አልኩ። ብድግ ብዬም ካፖርቴን አወለቅሁና ሰዓዳ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። «ይኼንንም እንኪ።»

ከሶፋው ላይ እናቷ በቀጭን ድምፅ «በዚህ በረዶ ምን ለብሰሽ ልትሄጂ ነው ታዲያ?» አሉኝ።

ያንን አላሰብኩበትም ነበር። ጫልቱ ሳቋን አፍና ሳል አስመሰለችው። ሰዓዳ ተነሥታ ካፖርቱን ከኋላዬ ያዘችልኝ፤ እኔም እጄን አስገባሁ። እንዲህ ሆኜ ተዋርጄም ኮርቼም ወጣሁ።

ሰዓዳ ከፈለች። ቀስ በቀስ፣ ታክሱ ተቆርጦ፣ በሕግ በሕጉ ከፈለች። ቀን ከሌት ስትሯሯጥ ሳያት ገንዘቡን ልመልስልሽ ማለት ይቃጣኝ ነበር። ወረቀቴ ሞላ፣ የራህማም ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ። ታዲያ በሥራ ቀን ፈረቃዬ ሲያልቅ ሰዓዳ እራሷ ካፖርቴን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። «እትዬ ከድጃ፣ ሰዓትዎ ደርሷል።» ወደ ማጠቢያው ብጠጋ በሰውነቷ ትከልለኛለች። «አይሆንም እትዬ፣ ሕጉ ነው።» ክፋት የላትም፤ ድምፅዋ የድሮው ነው። እወጣለሁ። የባቡሩ ማቆሚያ ከመንገዱ መሐል ስለሆነ ቆሜ ስጠብቅ በመስኮቱ አሻግሬ አያታለሁ። አጎንብሳለች፤ ትሪው እስከ ደረቷ ነው። በእጄ ልደርስባት የምችል ይመስለኛል፤ ግን አልችልም። ሐቄን አግኝቼ ለምን እንደማለቅስ ሳይገባኝ ስንት ቀን እዚያ ማቆሚያ ላይ አለቀስኩ። ብዙም አልቆየሁ፤ ሆስፒታል የጽዳት ሥራ አገኘሁና ለቀቅሁ። እዚያ ሰዓት በሰዓቱ ነው፣ አጎንብሶ የማየው ወዳጅም የለም።

ራህማ መጣች። አሁን የዕቃ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። ሰዓቷ ሲያልቅ በደቂቃው ቤት ናት። አንዳንዴ «ማንን ጥለሽ መጣሽ?» እላታለሁ። «ምን ማለትሽ ነው እማዬ? ሺፍቴ አልቋል እኮ» ትለኛለች። ልክ ናት። እኔም ይህን የተማርኩት ለእሷ ስል ነበር። ልክ መሆኗ ለምን እንደሚበርደኝ ግን አልነግራትም፣ ልነግራትም አልችልበትም።

ልጅቷ ከመውረጃዬ በፊት ወረደች። ሽታው ግን አልወረደም። ዙሪያዬን አየሁ፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ያኔ እጅጌዬን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ለዚህ ለቅሶ ብዬ የወይን ጠጅ ቀለሙን ካፖርት ከስንት ዓመት በኋላ ከሻንጣ አውጥቼ ለብሼው ነበር። ሲሸተኝ የቆየው እራሴው ነበርኩ። የሰውን ልጅ ባልሠራችው አምቻት ኖሯል።

የሰዓዳ በር ላይ ጫማ ተከምሯል። ሰዓዳ ስታየኝ ተንሰቀሰቀች፣ እኔም ተንሰቀሰቅሁ። እናቷ ምን ለብሰሽ ልትሄጂ ነው ያሉኝ ትዝ አለኝና ካፖርቱን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ከዚያ ውኃ ልጠጣ ወደ ኩሽና ገባሁ። ቁርዓን ሊቀሩ የመጡት የበሉበት ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ተቆልሏል፣ ማንም የለም። ካፖርቱን አውልቄ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሁለት ሳህን ሳላጥብ ሰዓዳ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ተዉት እትዬ። እንግዳ ነዎት።»

«እገዛ ነው ሰዓዳዬ። ሥራ አይደለም» አልኳት። ለዚያ ጠበቃ ያጣሁት መልስ ያን ጊዜ ከአፌ ወጣ።

ሰዓዳ ቆማ አየችኝ። ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል። «አሁን እኔ በምን ልወቀው?» አለችኝ።

ተቆጥታ አይደለም። የምሯን ነው የጠየቀችኝ። ውኃው እየወረደ ነው። ከመስቀያው ላይ ደረቅ ፎጣ አንሥታ ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት። እጄን አብሼ እንድተወው ይሁን ሳህኑን እንዳደርቅበት፣ አልገባኝም።